ያልተቆረጡ ኩፖኖች፦ የምኒልክ ዘመን የምድር ባቡር አክሲዮን እጄ ገባ፣ ሂሳቡን የሚያስረዳኝ አለ?

የሴን ዳሯ (እሁድ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች። የምኖረው ፓሪስ ነው። ዛሬ ጠዋት አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ስዞር፣ ከፖስት ካርድና ከድሮ ቴምብር ክምር ሥር አንድ ሰፋ ያለ ወረቀት አየሁ። በፈረንሳይኛ «የኢትዮጵያ ምድር ባቡሮች ንጉሠ ነገሥታዊ ኩባንያ» ይላል። ባለ 500 ፍራንክ አክሲዮን ነው። የባለቤት ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ከግርጌው እንደ ቴምብር የተደረደሩ ትንንሽ ኩፖኖች አሉ፤ አንዱም አልተቆረጠም።

ለሻጩ ተራ ወረቀት ነበር። እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የድሬዳዋ ልጅ ነበር። ልጅ ሳለን ስለ ባቡሩ ሲያወራልን ያመሽ ነበር፤ ፊሽካው ሲነፋ እናቱ ምሳ እንደምታቀርብ፣ ከጅቡቲ የመጣ ዓሣ ሰፈሩን እንደሚያሸተው። የዚያን ባቡር መነሻ ወረቀት በእጄ ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

እስቲ አስረዱኝ። ኩፖኑ ምንድን ነው? ለምን አልተቆረጠም? ኩባንያው እንደከሰረ አንብቤአለሁ፤ ባቡሩ ግን ድሬዳዋ ደርሷል፣ ኋላም አዲስ አበባ ገብቷል። ሥራው ተሠርቶ ያሠራው ኩባንያ እንዴት ይከስራል?

ከዚራ (እሁድ ማታ)

እህቴ፣ እጅሽን ይባርከው! እኔ አሁንም እዚሁ ድሬ ነኝ። ከቤቴ እስከ ባቡር ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። እባክሽ ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን። ሂሳቡን የሚያውቁ ሰዎች እስኪመጡ እኔ በጉጉት እጠብቃለሁ።

አሮጌ መዝገብ (ሰኞ ጠዋት)

ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መርማሪ ነኝ። የምድር ባቡሩን ታሪክ ለብዙ ዓመት ስከታተል ኖሬአለሁና ጥያቄሽ እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ።

ስም የሌለው አክሲዮን «ለአምጪው» የሚባለው ዓይነት ነው። ወረቀቱን የያዘ ሰው ባለቤት ነው፤ እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ኩባንያው ባለድርሻዎቹን በስም ስለማያውቃቸው ትርፍ ሲኖር «የዚህ ቁጥር ኩፖን ይከፈላል» ብሎ ያስነግራል። ባለ አክሲዮኑ መቀስ አንስቶ ያንን ቁጥር ይቆርጥና ባንክ ወስዶ ድርሻውን ይቀበላል። ስለዚህ ኩፖን ማለት ገና ያልተከፈለ ትርፍ ደረሰኝ ነው። ኩፖኑ ካለ ገንዘቡ አልተወሰደም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ፤ በአንድ ወረቀት ስለ ሙሉ ኩባንያ አይፈረድም። ባለቤቱ ሞቶ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተረስቶም ሊሆን ይችላል። የኩባንያው ታሪክ ግን ወረቀትሽን አይቃወመውም።

የተመዘገበው ካፒታል 18 ሚሊዮን ፍራንክ ነበር፤ ባለ 500 ፍራንክ 36,000 አክሲዮን ማለት ነው። አንቺ የያዝሽው ከ36,000ው አንዱን ነው። እንግዲህ የፈረንሳይ ገንዘብ ቆጣቢ በዓመት 5 በመቶ ቢጠብቅ በአንድ አክሲዮን 25 ፍራንክ ይደርሰዋል። ለሁሉም ለመክፈል በዓመት 900,000 ፍራንክ የተጣራ ትርፍ ያስፈልጋል። «የተጣራ» የምትለዋን ቃል ያዥልኝ። ከዚያ በፊት የሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ ከሰል አለ፣ በረሃ ላይ ውሃ ማቅረብ አለ፣ በጎርፍ የተጠረገ ሐዲድ መጠገን አለ። ይህ ሁሉ ተከፍሎ ሲያበቃ ደግሞ አበዳሪ አለ። ባለ አክሲዮን ገበታ የሚቀርበው ሁሉም ከበላ በኋላ ነው።

ክስረቱን በተመለከተ ማታ ጊዜ ሳገኝ በሰፊው እጽፋለሁ።

አድዋ 88 (ሰኞ ቀትር)

ምን ያስረዳል ይሄ? ነገሩ ግልጽ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ከመጀመሪያው ባቡሩን የሠራው ሊይዘን ነው። ምኒልክን አታለው አስፈረሙ፣ ትርፉን በሉ፣ «ከሰርን» አሉ። ኩፖን ያልተቆረጠው ትርፉ በጓሮ በር ስለወጣ ነው።

አሮጌ መዝገብ (ሰኞ ማታ)

ወንድሜ አድዋ 88፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ ግማሹም እውነት አለው። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ አይደለም። በሂሳብ ነገር ደግሞ ቅደም ተከተል ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

ውሉ የተሰጠው መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ማርች 9 ቀን 1894። ከአድዋ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። የተሰጠውም ለፈረንሳይ መንግሥት ሳይሆን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው፤ አጋሩም ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሸፍኔ ነበር። ውሉ ለ99 ዓመት ነው። መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ባዶ እጃቸውን አልፈረሙም። ከኩባንያው አክሲዮን ይሰጣቸዋል፤ ትርፉ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ ሲያልፍ ደግሞ ከሚተርፈው ግማሹ የእሳቸው ይሆናል። በሐዲዱ ጎን ኩባንያው የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋም ተስማሙ። እኔ ውሉን የማየው አርቆ እንዳሰበ ሰው ውል ነው። ከመንግሥት ካዝና ብር ሳያወጡ፣ ሐዲድና ቴሌግራፍ ወደ አገር ሊያስገቡ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከውሉ በኋላ፣ ገንዘብ ፍለጋው ላይ ነው። ኩባንያው በ1896 (ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ) ፓሪስ ላይ ተመሠረተ፣ ቁፋሮው በኦክቶበር 1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የአውሮፓ ገበያ ግን አክሲዮኑን አልተሻማበትም። ገዢ ሲታጣ ሁለተኛው መንገድ ብድር ነው፤ እኛ በግድቡ ምክንያት ቦንድ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አክሲዮን የገዛ ሰው ትርፍ ከሌለ ዝም ይላል። ቦንድ የገዛ ሰው ግን ባቡሩ ሄደም ቆመም ወለዱን ይጠይቃል። ሐዲዱ ገና በረሃ መሀል ሳለ፣ አንድ ጆንያ ቡና ሳይጫን፣ ወለዱ መቆጠር ጀምሯል።

ወጪው ደግሞ ከታሰበው በላይ ሆነ። የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች መሬታቸው ላይ የመጣውን ነገር አልወደዱም፤ ሠራተኞች ተገደሉ፣ ብረት ተነቅሎ ተወሰደ። በሸበሌና በሆልሆል ሸለቆዎች ላይ ትልልቅ የብረት ድልድዮች መሠራት ነበረባቸው። ያ ሁሉ የሆነው ገና ከጅቡቲ ሳይርቁ ነው። በ1900 ሐዲዱ ድንበር አጠገብ ያለችው ደወሌ ደረሰ፣ ድሬዳዋ የገባው በዲሴምበር 1902 ነው። ወደ 310 ኪሎ ሜትር ነው።

የፈረንሳይ መንግሥት የገባው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ድርሻ መግዛት ጀመሩ። ፓሪስ ደነገጠች። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1902 በተፈረመ ስምምነት የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉም ተስማማ፤ በምትኩ በኩባንያው ላይ የበላይ ቁጥጥር አገኘ። የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት አልተጠየቁም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በደሉ አለ፣ ግን በ1902 ነው የተፈጸመው፤ በሩን የከፈተውም ዕዳ ነው። ትርፍ በጓሮ በር አልወጣም፤ የሚወጣ ትርፍም አልነበረም።

ተማሪ ነኝ (ሰኞ ማታ)

ጋሼ አሮጌ መዝገብ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እኔ አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ እየፈለግሁ ነበር። ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። በዓመት 500,000 በ50 ዓመት ሲባዛ 25 ሚሊዮን ፍራንክ ነው። ከካፒታሉ ከ18 ሚሊዮኑ ይበልጣል! ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ ተሰጥቶት እንዴት ወደቀ? ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን የእርጅና ተቀናሽ (ንብረት በየዓመቱ ሲያረጅ ከዋጋው የሚቀነሰው) ይያዝ ነበር?

አሮጌ መዝገብ (ማክሰኞ ጠዋት)

ጎበዝ። ጥሩ ጠየቅህ፤ 25 ሚሊዮን ብለህ ስትጽፍ ግን ብዙ ሰው የወደቀበት ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቆመሃል። ከ50 ዓመት በኋላ የሚሰጥህ ፍራንክ ዛሬ ከሚሰጥህ ጋር እኩል አይደለም። በ4 በመቶ ወለድ ብታሰላው፣ የ50 ዓመቱ ድጎማ በ1902 ያለው ዋጋ 10.7 ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ ነው። በ3.5 በመቶ ብታደርገው 11.7 ሚሊዮን ይሆናል። ካልኩሌተርህን አውጥተህ ሞክረው። ኩባንያው ደግሞ ዓመት ዓመት እየጠበቀ የሚቀበልበት አቅም አልነበረውም፤ ድጎማውን መያዣ አድርጎ ብድር ለመውሰድ ነው የተጠቀመበት። ያም ገንዘብ ያለፈውን ቀዳዳ ደፈነ እንጂ ሐዲዱን ከድሬዳዋ አንድ ክንድ አላሳለፈም።

ስለ እርጅና ተቀናሽ፦ በ19ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው ምድር ባቡር ዛሬ በምናውቀው መንገድ አይዝም ነበር። ሐዲድ ሲያልቅ ይተካል፣ ወጪው በተተካበት ዓመት ይመዘገባል። ዋናው ጥያቄ የትኛው መዝገብ ላይ ይጻፋል የሚለው ነው። ሁለት መዝገብ ነው ያለው፤ አንዱ የግንባታ፣ ሌላው የሥራ ማስኬጃ። ጎርፍ የጠረገውን ድልድይ «ጥገና» ብለህ በሥራ ማስኬጃ ብትጽፈው የዘንድሮ ትርፍህ ይቀንሳል። «አዲስ ግንባታ» ብለህ ብትጽፈው ትርፍህ ያምራል፣ ዕዳህ ግን ይወፍራል። በ1840ዎቹ እንግሊዝ አገር በዚህ መንገድ ብዙ ባለ አክሲዮን ስለተጎዳ በ1868 የባቡር ኩባንያዎች ሁሉ ሂሳባቸውን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲያቀርቡ በሕግ ተደነገገ። የድሮ የባቡር ሂሳብ ስትመረምር መጀመሪያ የምታየው ትርፉን አይደለም፤ የግንባታው መዝገብ መች ተዘጋ ብለህ ነው የምትጠይቀው። መስመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም ክፍት ሆኖ ከቆየ ተጠራጠር።

ሐረርጌ (ማክሰኞ ቀትር)

እኔ ሂሳብ አዋቂ አይደለሁም፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አያቶቼ በግመል ነው የነገዱት፤ ከሐረር ዘይላ። እኛ ቤት ስለ ባቡሩ የሚወራው በሌላ ጎኑ ነው።

አንድ ግመል ሁለት መቶ ኪሎ ያህል ይጭናል። አሥር ቶን የሚይዝ አንድ ፉርጎ የ50 ግመል ጭነት ይበላል ማለት ነው። ሰዎች ይህን ሲያዩ ባቡር ግመልን በአንድ ቀን ያጠፋዋል ብለው ነበር። ግን ግመል ጭነት ሲያጣ ይሰማራል፣ ሣር ይበላል፣ ለባለቤቱ ወተት ይሰጣል። ጋሼ እንዳሉት ሐዲድ ጭነት ሲያጣ ወለድ ይቆጥራል። ነጋዴ ደግሞ ሁለቱን እያወዳደረ ነበር የሚኖረው፤ የባቡሩ ዋጋ ከከበደው ወደ ግመሉ ይመለሳል።

ሌላው የብሩ ነገር ነው። እኛ የምንገበያየው በማርያ ትሬዛ ጠገራ ነበር። ጠገራ ከብር ማዕድን የተመታ ነው፣ የፈረንሳዩ ፍራንክ ደግሞ በወርቅ የተያዘ። በ1890ዎቹ የብር ዋጋ በዓለም ገበያ እየወረደ ሄደ፤ በ1893 ሕንድ ውስጥ እንኳ ብር በነፃ ማስመታት ተከልክሎ ነበር። ቡናውን በጠገራ የሸጠ ነጋዴ በፍራንክ የተተመነ ጭነት ለመክፈል በየጊዜው ብዙ ጠገራ መቁጠር አለበት። ኩባንያውም ዕዳው በፍራንክ ነው፣ ደንበኛው ግን ኪሱ ውስጥ ያለው ጠገራ ነው። አያቴ «ፈረንጅ ሚዛኑን በወርቅ ይሰቅላል፣ እኛ በብር እንጭናለን» ይሉ ነበር ብሎ አባቴ ነግሮኛል።

ተማሪ ነኝ (ማክሰኞ ቀትር)

ጋሼ ሐረርጌ፣ ይህን መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም! የምንዛሪ ነገር አንድ ምዕራፍ ሊሆነኝ ነው።

ከዚራ (ማክሰኞ ማታ)

እኔም የከተማዬን ልናገር። ድሬዳዋ ራሷ የሂሳብ ልጅ ናት። ውሉ ሐረር ይላል። ሐረር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ እኛ 1,200 አካባቢ ነን። ያንን ዳገት በሐዲድ መውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ስለነበር መሐንዲሶቹ ተራራውን ትተው በሥሩ አለፉ። ሐዲዱ የቆመበት ቦታ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላ ነው ስሙ ለድሬዳዋ የለቀቀው። የባቡር ሠራተኞቹ ሰፈር ከዚራ በዛፍ ጥላ ሥር ቀጥ ቀጥ ባሉ መንገዶች ተሠራ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ደግሞ መጋላ በነጋዴው ተሞላ። ተራራው ቢደፈር ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ለኩባንያው ግን ቁጠባው ችግር አመጣበት ይመስለኛል፣ ጋሼ አሮጌ መዝገብ ያርሙኝ። ከሐረር የሚመጣ ቡና በግመልና በበቅሎ ወርዶ ነው ፉርጎ ላይ የሚወጣው። ከሸዋ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ሳምንት በቅሎ ላይ ከርሞ። ነጋዴው መንገዱን አብዛኛውን በእንስሳ ከጨረሰው የመጨረሻውን 310 ኪሎ ሜትር ለምን ለባቡር ይከፍላል?

አሮጌ መዝገብ (ማክሰኞ ማታ)

የሚታረም ነገር የለውም። የእኔን አንድ ሰዓት ንግግር በሦስት መስመር ጨረስከው።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። 310ሩ ከዚያ 40 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከ310ሩ ውስጥ ወደ 90 የሚሆነው በጅቡቲ ግዛት ነው፣ ቀሪውም አብዛኛው ቆላ ነው፤ አራሽ የለበትም፣ የሚጫን እህል የለበትም። ዋናው ገበያ፣ ዋናው ቆዳና ቡና፣ ዋናው የአቡጀዲ ገዢ ሐዲዱ ካልደረሰበት ከ474 ኪሎ ሜትር ማዶ ነው። ገንዘቡ ያለቀው ደግሞ ገበያው ከመድረሱ በፊት ነው። እስከ ድሬዳዋ ያለው የዕዳው ክፍል ነበር፤ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው የገቢው ክፍል ይሆን ነበር። ኩባንያው የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ሳይጀምር ቆመ። እህቴ የሴን ዳሯ «ሥራው ተሠርቶ እንዴት ይከስራል» ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። መልሱ ይኸው ነው፤ ሥራው ግማሽ እንኳ አልተሠራም ነበር።

አድዋ 88 (ረቡዕ ጠዋት)

እሺ፣ ስለ ዓመቱ ተሳስቻለሁ፤ ጋሼ አመሰግናለሁ። ያቺን ግማሽ እውነቴን ግን አልለቅም። የ1902ቱን ስምምነት ሲሰሙ ምኒልክ ተቆጡ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ በምርቃቱ አልተገኙም፤ መስመሩ እንዲቀጥልም ፈቃድ አልሰጡም። ሂሳብ ብቻ ብታዩት ይህ ኩባንያውን የገደለ ውሳኔ ነው። በአገር ዓይን ሳየው ግን ትክክል ነው እላለሁ። እሳቸው የፈረሙት ከግል ኩባንያ ጋር ነው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ውሉ ወደ ሌላ መንግሥት እጅ ገባ። ይህ በገቢና ወጪ መዝገብ የትኛው ዓምድ ላይ ይጻፋል?

አሮጌ መዝገብ (ረቡዕ ቀትር)

በየትኛውም ዓምድ አይጻፍም፤ ለዚህ ነው መዝገብ ብቻውን የማይበቃው። በዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

ነገሩን እንድትጨርሰው ያህል፦ ፓሪስና ለንደን ስለ ባቡሩ ሲጎተቱ ቆይተው በዲሴምበር 13 ቀን 1906 ከሮም ጋር ሆነው የሦስትዮሹን ስምምነት ፈረሙ። የኢልግና የሸፍኔ ኩባንያ በ1907 ፈረሰ። በ1908 አዲስ ውል ተሰጠ፤ የተሰጠውም ለንጉሡ ሐኪም፣ ለጓደሉፕ ተወላጁ ለዶክተር ቪታሊየን ነው። ከኋላው የኢንዶቺን ባንክ ነበረበት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ምኒልክም አላዩትም። አባቶቻችን «ፍራንኮ ኢትዮጵያ» የሚሉት ይህን ሁለተኛውን ኩባንያ ነው። ያንቺ ወረቀት ግን የመጀመሪያው ነው ልጄ፤ የሞተው።

ተማሪ ነኝ (ረቡዕ ማታ)

ርዕሴን ወስኛለሁ፦ «ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ፦ የግንባታ ዕዳና የመስመር ርዝመት»። አማካሪዬ ይቀበለኝ እንደሆነ አያለሁ። ጋሼ፣ ዓመታዊ ሂሳቡን የት ልፈልግ?

አሮጌ መዝገብ (ረቡዕ ማታ)

የዚያን ጊዜ የፈረንሳይ የገንዘብ ጋዜጦች የኩባንያዎችን ጠቅላላ ጉባኤ ዘገባ ያትሙ ነበር። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የድሮ ጋዜጦችን «ጋሊካ» በሚባለው ድረ ገጹ ላይ በነፃ ለጥፏል። የኩባንያውን ስም በፈረንሳይኛ ጻፍና ከ1896 እስከ 1907 ያለውን ዓመት በዓመት ፈልግ። ያገኘኸውን ቁጥር ሁሉ ከየትኛው ጋዜጣ፣ ከየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፍ። ያለዚያ አልረዳህም።

የሴን ዳሯ (ሐሙስ ማታ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም ነበር። ፎቶውን የፊቱንም የኩፖኖቹንም ለጥፌአለሁ፤ ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት ቁጥሮቹ ይነበባሉ።

ተማሪ ወንድሜ፣ ፈረንሳይኛው ካስቸገረህ ያገኘኸውን ላክልኝ፣ እኔ እተረጉምልሃለሁ። ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ነኝ፤ ከ1902ቱ እጀምራለሁ፣ ድጎማው የተፈረመበትን ፌብሩዋሪ።

ከዚራ፣ አንተን አንድ ነገር ልለምንህ። አባቴ ይነግረን የነበረው ቤት ከጣቢያው በስተጀርባ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ነበር። አሁን ማን እንደሚኖርበት ባላውቅም ዛፉ ካለ ፎቶ አንሣልኝ። ከወረቀቱ ጋር ላስቀምጠው።

ከዚራ (ሐሙስ ማታ)

ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሄጄ አነሳልሻለሁ። እዚያ ያሉት ዛፎች ብዙ ናቸውና ሁሉንም አነሳቸዋለሁ፤ አንቺ ትለይዋለሽ።